ጋሽ ሰጋር፣ ዳለቻዋ ባዝራና የግንቡ ጥላ

በረሃው ዳር ባለው የፈረስ ገበያ ከፈረስ ይልቅ ውድ የሆነ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ጥላ ነው። ገበያው የሚቆመው በአንድ አሮጌ የጨው መጋዘን ጓሮ ነው። የመጋዘኑን ጣሪያ ነፋስ፣ በሩን ማገዶ ፈላጊ ወስዶታል፤ ረጅሙ ግንብ ግን አልተነካም። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ጀርባው ስትዞር ጥቂት ሰዎችን የሚያስጠልል ጥላ ይጥላል። በዚያ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ መቀመጥ ሹመት ነው። ከጥላው የተሻረ ነጋዴ ዕጣው ከአህያ ሻጮች ጋር ሜዳው መሐል መዋል ነው፤ እዚያ ደግሞ መሬቱ የጫማ ሶል ያቀልጣል፤ ሰው ቀርቶ አህያውም ቀና ብሎ ሰላም አይልም።

በጥላው እምብርት፣ ግንቡ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ለጀርባ በሚመቸው ቦታ የሚቀመጡት ጋሽ ሰጋር ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ገበያው ግን ረስቶታል። ሰጋር የሚባለው ግራ ጎኑንና ቀኝ ጎኑን እያፈራረቀ፣ ጀርባውን ሳያነሳና ሳይጥል፣ ጀልባ በውሃ ላይ እንደሚንሸራተት የሚሄድ ፈረስ ነው። ጋሽ ሰጋር ዕድሜያቸውን በሙሉ እንዲህ ያለውን ፈረስ ሲገዙ፣ ሲያሠለጥኑና ሲሸጡ ኖረው በመጨረሻ አረማመዱ ወደ እርሳቸው ተጋባ። ሲሄዱ ትከሻቸው አይነቃነቅም፤ አናታቸው ከፍ ዝቅ አይልም፤ ከሩቅ ላያቸው፣ ከኋላ አንድ ሰው በጋሪ እየገፋ የሚያመጣቸው ይመስላሉ። ስግሪያቸው የሚከዳቸው ደረጃ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ደረጃ ያለው ቤት ከሆነ፣ ለቅሶም ይሁን ደስታ፣ ከታች ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያጽናናሉ ወይም ይመርቃሉ።

የሚሸጡት ዕቃ በዚያ አገር ቅንጦት አልነበረም። በበረሃ መንገዱ ማለቂያ የለውም፤ ኩላሊት ግን ሁለት ብቻ ነው። ግመል ያወዛውዛል፣ በቅሎ ያኮርፋል፣ ተራ ፈረስ ደግሞ በሶምሶማው አጥንት ከአጥንት ያስተዋውቃል። ከአንዱ የውሃ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሳይፈራርስ መድረስ የፈለገ ሰው ሰጋር ፈረስ ይገዛል።

የመሸጫው ሥርዓትም የራሱ ነበረው። በአሸዋ ላይ የኮቴ ድምፅ አይሰማምና ስግሪያው በጆሮ አይለይም። ስለዚህ ገዢው ፈረሱ ላይ ይወጣል፣ ሻጩ ከጎኑ በእግሩ ይሄዳል፣ ዋጋውንም በዚያው ላይ ይከራከራሉ። ገዢው ላይ ሆኖ ሲናገር ቃሉ ሳይቆራረጥ ከወጣ ፈረሱ ሰጋር ነው። ቃሉ እየተሰባበረ ከወጣ ፈረሱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ገዢ ከላይ ሆኖ ሻጩን ሌባ ብሎ ሲሰድበው ስድቡ አንድም ሳይንቀጠቀጥ ከዳር እስከ ዳር ስለወጣ፣ ሻጩ በደስታ አቅፎት ፈረሱን በቅናሽ ሰጥቶታል ይባላል።

ሕጉም አጭርና ጨካኝ ነበር። የተሸጠ ፈረስ ተመለሰ የሚባለው ገዢው የልጓሙን ዛብ በሻጩ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጥ ነው። አንዱ ፈረስ ሦስት ጊዜ የተመለሰበት ሻጭ ምንጣፉን ጠቅልሎ ከጥላው ይወጣል። ይግባኝ የለም።

ጋሽ ሰጋር ከዳለቻዋ ባዝራ፣ ከዚያች ግራጫ ሴት ፈረስ፣ በፊት አንድም ፈረስ ተመልሶባቸው አያውቅም። እርሷ ግን ሁለት ጊዜ ተመልሳለች።

ባዝራዋ ያደገችው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው። እናቷ በወለደቻት ሰሞን ስለሞተች የጋሽ ሰጋር ባለቤት በጡጦ አሳደገቻት። ስግሪያ የተማረችውም በልብስ ማስጫው ገመድና በውሃ በርሜሉ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጋሽ ሰጋር የግራ እግሮቿን ከግራ፣ የቀኝ እግሮቿን ከቀኝ በለስላሳ ገመድ አያይዘው ይስቧታል፤ ባለቤታቸው ደግሞ በሌላው ጎን ልብስ እያሰጣች በርሜሉ ያለ ቦታው መቀመጡን ታስረዳለች። ጋሽ ሰጋር ቦታው እንደሆነ ይመልሳሉ። ሚስት ትናገራለች፣ ባል ይመልሳል፤ ባዝራዋም በመሐላቸው ግራዋን ታነሳለች፣ ቀኟን ታነሳለች። በርሜሉ ሳይነቃነቅ ባዝራዋ ሠለጠነች።

መጀመሪያ የገዛት አንድ ሙሽራ ነበር። ገበያው ላይ ሲከራከር እንደ ሐር ለስልሳለት፣ በዚያው ቀን ማታ ምላሱ አብጦ ተመለሰ። ምን እንደሆነ ለመናገር ሞከረ፤ ከአፉ የወጣውን ግን ማንም ሊያጣራው አልቻለም። ዛቡን ጋሽ ሰጋር መዳፍ ላይ አስቀምጦ፣ በእጁ ወደ ምላሱም ወደ ባዝራዋም እያመለከተ ሄደ። ጋሽ ሰጋር ሰውየው በሠርግ ጭንቀት የገዛ ምላሱን መንከሱን ለጎረቤቶቻቸው አስረዱ። ሁለተኛዋ ብቻዋን ከመንደር መንደር የምትዞር አዋላጅ ነበረች። እርሷስ ምላሷ ጤነኛ ስለነበር ጥርሷ ሁሉ እንደተነቃነቀ በደንብ ተናገረች። ጋሽ ሰጋር ባዝራዋ ላይ ወጥተው፣ ከአዋላጇ ጋር እየተሟገቱ፣ ሜዳውን ዞሩ፤ ባዝራዋ እንደ ዘይት ፈሰሰች። አዋላጇ ዓይኗን አላመነችም፤ ጥርሷን ግን አመነች፤ ዛቡን አስረክባ ሄደች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጋሽ ሰጋር እንቅልፍ ቀነሰ። የባሰው ደግሞ የገሚሱ ትሕትና ነበር። ገሚሱ የጥላው መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ነጋዴ ነው፤ ግንቡ እርሱ ጋ ሲደርስ ስለሚያልቅ ከሰውነቱ ግማሹ ብቻ ይጠለላል፤ በዚህም የተነሳ አንዱ ጉንጩ ከሌላው በእጥፍ ጠቁሯል። በፊት ሰላምታ የሚቆጥብ ሰው፣ አሁን ጠዋት ጠዋት የጋሽ ሰጋርን ጤንነት ይጠይቅ፣ ግንቡ ጀርባቸውን ቆርቁሯቸው እንደሆነ በርኅራኄ ይመረምር ጀመር። በዚያ ሰሞን የገዛው ምንጣፍ ከራሱ ቦታ የሰፋ መሆኑንም ሁሉም ልብ ብሎታል።

በዚህ መሐል ነው ዳኛው የመጡት። ዳኛው ጡረታ ከወጡ በኋላ ከአሸዋው ክምር ማዶ ቤት የተከራዩ፣ ቀጭን፣ ትሑትና ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲጨቃጨቅ ሰምተው የኖሩ በመሆናቸው ወደ በረሃ የመጡት ጸጥታን ፍለጋ ብቻ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። ወገባቸው በችሎት ወንበር ተጎድቷል፤ ሐኪማቸውም ይንቀሳቀሱ፣ ነገር ግን አንዳች ነገር እንዳያንገጫግጭዎት ብሎ አዝዟቸዋል።

ባዝራዋ ላይ ወጡ። ጋሽ ሰጋር ከጎን እየሄዱ የመነሻውን ዋጋ ጠሩ፤ በልማዱ መሠረት ማንም ጤነኛ ሰው የማይከፍለውን ዋጋ። ዳኛው እሺ አሉ።

ጥላው ሥር ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። ጋሽ ሰጋር በዕድሜያቸው እሺ ተብለው ስለማያውቁ ደነገጡ፤ ኅሊናቸውም ስለቆረቆራቸው ዋጋውን ራሳቸው ቀነሱ። ዳኛው ደግሞ ስምምነት ከተፈጸመ በኋላ አንደኛው ወገን ብቻውን ሊለውጠው እንደማይችል አስረዱ። ጋሽ ሰጋር ቀነሱ፤ ዳኛው መለሱ፤ ጋሽ ሰጋር አሁንም ቀነሱ፤ ዳኛው ሕግ ጠቀሱ። ገዢው ላስጨምር፣ ሻጩ ላስቀንስ እያሉ ሜዳውን ሲዞሩ ባዝራዋ በሕይወቷ እንደዚያ ሰግራ አታውቅም። በመጨረሻ ዳኛው ረትተው ሙሉውን ከፍለው ሄዱ። ገሚሱ እንኳ ለጊዜው ምንጣፉን አጠፈ።

ሳምንት አልሞላም። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከአሸዋው ክምር ላይ ሁለት ነጥቦች ታዩ፤ ሲቀርቡ አንዱ ነጥብ ዳለቻዋ ባዝራ፣ ሁለተኛው ከፊቷ በእግሩ የሚመጣ፣ ወገቡን የያዘ ዳኛ ሆነ።  ገሚሱ ምንጣፉን አንስቶ በብብቱ ያዘ።

በዚያች ሰዓት የጋሽ ሰጋር ባለቤት እንደ ወትሮዋ ምሳ ይዛ ደርሳ ነበር። ጋሽ ሰጋር ዳኛውን ባዩ ጊዜ ከዚያ በፊት ባልታየባቸው ፍጥነት በአንድ እጃቸው ዳቦውን፣ በሌላው የሻይ ብርጭቆውን አፈፍ አደረጉ። ዛብ የሚቀበል መዳፍ የለም። ዳኛው ቀርበው ሰላምታ ሰጡ፤ ዛቡን ዘረጉ። ጋሽ ሰጋር በታላቅ አክብሮት አንገታቸውን ደፍተው ዳቦ ቆረሱ፤ በጥርሳቸው ነው የቆረሱት። ዳኛው ሥርዓት የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ምግብ ላይ ያለን ሰው ማስገደድ ተገቢ እንዳልሆነ ተናግረው ይጠብቁ ጀመር። ጋሽ ሰጋር ዳቦውን እንደ ወይፈን አመነዠኩት። ሻይዋን እንደ መድኃኒት በጠብታ ቀመሷት። ዳቦ ግን የቱንም ያህል ቢታኘክ ዳቦ ነው፤ ያልቃል።

ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ ዳኛው አቤቱታቸውን አሰሙ። ባዝራዋ ገበያው ውስጥ ጀልባ እንደነበረች፣ የመጨረሻውን ቤት አልፋ ጸጥታው ውስጥ ስትገባ ግን ሙቀጫ እንደሆነች፣ እርሳቸውም በውስጡ እንደሚወቀጠው ነገር እንደሆኑ በጨዋ ቋንቋ ገለጹ። ጸጥታ የሚለውን ቃል የጋሽ ሰጋር ባለቤት ያዘችው። ወደ ባዝራዋ ሄዳ ግንባሯን ዳበሰቻት፤ ቀጥሎም ባሏን አየቻቸው፤ በርሜሉን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። እርሷና ባሏ ተኳርፈው ዝም በተባባሉባቸው ቀናት ሁሉ ይህች ባዝራ ግቢው ውስጥ ሶምሶማ እየረገጠች ማሰሮ ትሰብር ነበር።

«ክቡር ዳኛ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይውጡባት» አለች።

«እመቤት፣ እኔ እኮ ለመጨረሻ ጊዜ ወርጄ ነው የመጣሁት።»

ነገር ግን ልመና እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ወገብ ምኑ ነው። ወጡ። ባልና ሚስቱ ከግራና ከቀኝ ሆነው፣ ጋሽ ሰጋር በአንድ እጃቸው የተረፈችውን ቁራሽ፣ በሌላው ባዶ ብርጭቆውን ይዘው፣ ተነሡ። ሚስት ተከራከረኝ አለች፤ ባል በምን ልከራከርሽ አሉ። በመጨረሻ ጋሽ ሰጋር ዛሬ ይሞቃል ብለው ጀመሩ፤ ሚስት ይበርዳል ብላ መለሰች። ባዝራዋ አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ መለሰች፤ በዚህ የምትታለል አልነበረችም። ሶምሶማዋን ለቀቀችው። ዳኛው ከላይ ሆነው አስተያየት ሲሰጡ ቃሉ እንደ ገብስ ፍሬ እየተበተነ ወጣ። ከጥላው የገሚሱ ሳል ተሰማ።

ሚስት ቆም አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ጋሽ ሰጋር ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ከጮኸው ይልቅ ይፈሩታል።

«እንግዲያው እውነተኛውን ላምጣልህ። ይህን ሁሉ ዘመን ምሳህን ተሸክሜ በዚህ አሸዋ ስመላለስ፣ አንድ ቀን፣ እስቲ አረፍ በይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ቦታው ጠባብ ነው እኮ።»

«ቦታው አልጠበበም፤ አንተ ነህ የሰፋኸው።»

«አንቺው ራስሽ ቸኩያለሁ ትያለሽ።»

«ታዲያ የት ልዘግይ? ፀሐይ ላይ ቆሜ አንተ ስታላምጥ ልይ?»

ባዝራዋ ግራዋን አነሳች፤ ቀኟን አነሳች። ጀርባዋ ረጋ። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ወገባቸው ከስንት ቀን በኋላ ተነፈሰ። ሦስቱም እንደ አንድ ጀልባ ሜዳውን ይዞሩ ጀመር፤ አህያ ሻጮቹም መንገድ ለቀቁላቸው።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ ጋሽ ሰጋር ሚስታቸው ልክ መሆኗ ገባቸው። ሦስተኛው ላይ በጣም ልክ መሆኗ ገባቸው። ልክ ነሽ ካሏት ክርክሩ ያልቃል፤ ክርክሩ ካለቀ ባዝራዋ ሙቀጫ ትሆናለች፤ ዳኛው ይወርዳሉ፣ ዛቡን ይዘረጋሉ፣ የቀረችው ቁራሽም ከአንድ ጉርሻ አታልፍም። ስለዚህ ላባቸው እየወረደ፣ የማያምኑበትን መከራከሪያ እየፈለጉ ቀጠሉ። ግንቡ ሴት ተቀምጣበት አያውቅም አሉ። ግንቡ ስለዚያ ምን ያገባዋል ተባሉ። ጥላው ለአንድ ሰው ነው አሉ። ታዲያ ተራ እንግባ ተባሉ። የመከራከሪያ ዓይነት ሁሉ ሲያልቅባቸው የምንጣፋቸውን ቀለም ምክንያት አደረጉ፤ እርሱም ላይ ተሸነፉ። ቀና ብለው ሲያዩዋት መቀነቷ ላይ የምሳ ዕቃው ምልክት አለ፤ ፊቷ ከገሚሱ የጠቆረ ጉንጭ ይብሳል፤ ይህንን እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላዩት ለራሳቸው ገረማቸው።

አንድ ጊዜ ወደ ግንቡ አዩ። ያቺን ጎድጎድ ያለች ቦታ በሐሳባቸው ተሰናበቷት።

«ልክ ነሽ» አሉ።

ባዝራዋ በዚያው እርምጃዋ ላይ ተበላሸች። ሶምሶማው ተነሣ፤ ዳኛው ከኮርቻው ከፍ ብለው ተመለሱ፤ እንደገና ከፍ አሉ። ገሚሱ ምንጣፉን ዘረጋ፤ አንዱ ጠርዝ ጎድጓዳዋን ቦታ ነካ። ባልና ሚስቱ ቆመው ተያዩ፤ ባዝራዋ ብቻዋን ዳኛውን ይዛ ቀጠለች።

«እ ቃ ወ ማ ለ ሁ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ዳኛው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያላለቀ ነገር ሲዘጋ ማየት አይወዱም ነበር፤ ወገባቸውም ቢሆን ይህን ጠባይ አላስተዋቸውም። ተከሳሹ ያመነው ክሱ ተጠቃሎ ሳይነበብለት በመሆኑ የእምነት ቃሉ ተቀባይነት የለውም፤ ደግሞም ጠበቃ አልቆመለትም አሉ። ይህን ያሉት በወፍራም ድምፅ ነው። ወዲያው በቀጭን ድምፅ፣ ተከሳሹ በፈቃዱ ያመነ ስለሆነ ጠበቃ አያስፈልገውም ብለው ለራሳቸው መለሱ። ወፍራሙ ተናደደ። ቀጭኑ ማስረጃ ጠየቀ። የመጨረሻው ቃል ሳይቆራረጥ፣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ።

ዳኛው ዝም ብለው አዳመጡት፤ ባዝራዋ አንድ ጊዜ ነቀነቀቻቸው፤ ፈጥነው ቀጠሉ። ፊታቸው ከእንግዲህ ጸጥታ የማያስፈልገው ሰው ፊት ሆነ። ወደ ጥላው ሳይመለሱ፣ ዛቡንም ለማንም ሳይዘረጉ፣ ወደ አሸዋው ክምር አቀኑ። የመጨረሻውን ቤት ካለፉም በኋላ ወፍራሙ ድምፅ ስለ ድንበር፣ ቀጭኑ ድምፅ ስለ ውርስ ሲሟገቱ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በረሃውን የሚያቋርጡ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ መካከል ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ እየሰሙ ቀና ሲሉ አንድ ሰው ብቻ ያያሉ። ዳኛው በሥራ ዘመናቸው የተዘጉትን መዝገቦች ሁሉ እንደ አዲስ እያነሱ ነው ይባላል። ፍርድ ግን አይሰጡም፤ ፍርድ የተሰጠ ዕለት ክርክሩ ያበቃልና። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ጉዳዩን ለነገ ቀጥረው ይወርዳሉ፤ ወገባቸውም ከቀን ወደ ቀን እየተሻለው ነው።

ገሚሱ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ዳሩ ተመለሰ፤ የጋሽ ሰጋርንም ጤንነት መጠየቁን በዚያው ቀን አቆመ። ጋሽ ሰጋር ጎድጓዳዋን ቦታ በእጃቸው አራግፈው ለሚስታቸው አሳዩ። እርሷ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን አስደገፈች፤ እግሯን ዘረጋች፤ የዚያ ቦታ ስፋት ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑ በእውነት ታየ። አንድ ገዢ መጥቶ ስለ አንድ ቦራ ፈረስ ሲጠይቅ መልሱን የሰጠችው እርሷ ናት፤ ገዢውም ቀድሞ ከጋሽ ሰጋር ጋር በዋጋ ያደረገው ክርክር ሁሉ ጨዋታ እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ሰጋር ቆመው ቆዩና ስለ ምሳቸው ቀሪ ጠየቁ። ወጥ ያለው ቤት፣ ምድጃው ላይ እንደሆነ ተነገራቸው። በአሸዋው ላይ ሳይነቃነቁ፣ ሳይናወጡ፣ እየተንሸራተቱ ሄዱ፤ ከብዙ ጊዜም በኋላ በሁለት እጃቸው ድስቱን ይዘው፣ አናታቸው በላብ ርሶ፣ ጠብታ ሳያፈሱ ተመለሱ።

ማንኪያ ረስተዋል። ይህንንም ሚስታቸው ገዢው እየሰማ ነገረቻቸው።